ተናደህ አትፈርም

ድሬዳዋ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህም ፈተናዋን ጨርሳ እፎይ ብላለች። ያልደወልኩት አኩርፌ አይደለም። ስደውልልህ "እማዬ፣ ልምምድ ላይ ነኝ" ትልና ትዘጋዋለህ፤ ይሄ ደግሞ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት። ነገ ለሚሳፈረው ለጎረቤታችን ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ከበሶው ጋር በእጅህ ያደርስልሃል። በሶውን ለተጫዋች አታድለው፣ ላንተ ነው የላክሁት። ከስተሃል አሉኝ።

ረቡዕ ማታ በሬዲዮ ሰማሁህ። ገና ከሰላምታው ድምፅህን ለይቼ ለእህትህ "ዝም በይ፣ ወንድምሽ ነው" አልኳት። ስለ ሜዳው ተናገርክ፣ ስለ ዳኛው ተናገርክ፣ ደስ እያለኝ አዳመጥኩ። ከዚያ ጋዜጠኛው ስለዚያ ግራኝ ተጫዋችህ ጠየቀህ። "እሱ ለእኔ ሞቷል" አልክ። ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ወጡም አረረ።

ልጄ፣ ያቺን ቃል ከየት አመጣሃት? ከእኔ ሰምተሃት ከሆነ አራት ዓመትህ ነበር፣ ታስታውሳታለህ ብዬ አላስብም። ግን ብያታለሁ። ስለ አጎትህ፣ በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ አፌ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ለረዳት አሠልጣኝህ ደወልኩ። እንዳትቆጣው፣ ያስለፈለፍኩት እኔ ነኝ። የዚያ ልጅ የስንብት ደብዳቤ ተተይቧል፣ ከጥምቀት በኋላ ማክሰኞ ከቦርዱ ጋር ስብሰባ አለ፣ የቀረው ያንተ ፊርማ ነው አለኝ። ተናደህ አትፈርም። መፈረም ካለብህ ጠዋት፣ ቁርስ በልተህ ፈርም። ማታ፣ ከጨዋታ መልስ፣ ደምህ ሳይበርድ አትፈርም።

ልጁን ጻድቅ ላደርገው አይደለም። ያደረገውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ በሌሊት ከካምፕ ወጥቷል። በርጫ ላይ ይውላል፣ ከዚያ ለጨብሲ ይሄዳል፣ ጠዋት በምርቃና ዓይኑ ፈጦ ልምምድ ይመጣል። ያኔ የአሠልጣኝነት ላይሰንሱን ስትማር በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ቀን ከተከለከሉት አነቃቂዎች ዝርዝር ውስጥ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ ቁጣህ ይገባኛል። የመጨረሻዋ ግን እኔንም አንገበገበችኝ። ትጥቅ ያዡን፣ አያቱ የሚሆኑትን ሰው፣ ገፍትሮ ጥሏቸዋል። ክንዳቸው እንዴት ሆነ? ሐኪም አየው? ያንን ሳትነግረኝ ስለ ዳኛ ታወራለህ!

አሁን ስለ አጎትህ ልንገርህ፤ ሳልነግርህ ያሳደግኩህ ነገር ነው።

ቡድኑ አባረረው ብዬህ ነበር። ውሸት አይደለም፣ ግማሽ ነው። በ1987 አጎትህ ሃያ ዓመቱ ነበር። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ያንን ታውቃለህ። የፋብሪካው ቡድን ሲጫወት ከሳቢያን እስከ ከዚራ ያለ ወጣት በዚያ በዘጠኝ ሰዓት ሐሩር ሜዳውን የሚሞላው እሱን ሊያይ ነበር። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ ጩኸቱን እየሰማሁ እሱ ይሁን ሌላ እለይ ነበር። እንደዚያ ነበር። ከዚያ ጓደኛ በዛ። መጠጥ መጣ። ልምምድ መቅረት፣ ሌሊት መምጣት። አንድ ቀን የጆሮ ወርቄን ሸጠው። የእናታችን ነበር፤ የእኔ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። በዚያው ሳምንት አሠልጣኙ ከቡድኑ አገዱት።

ያ ወር የማንችስተር ዩናይትዱ ፈረንሳዊ ተጫዋች ካንቶና ያን ተመልካች የረገጠበት ወር ነው፣ ጥር 17 ቀን 1987። አጎትህ ወሬውን ሰምቶ መጣና "አየሽ፣ እሱም ተቀጣ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያዘ፤ "ካንቶና ሲመለስ እኔም እመለሳለሁ" ይላል። መጠጡን ቀንሶ ነበር። ማለዳ ተነስቶ ወደ ደቻቱ ወርዶ በአሸዋው ላይ ብቻውን ይሮጥ ነበር። አይቼዋለሁ። አይቼው ግን አላመንኩትም።

መስከረም ሲጠባ አሠልጣኙ ቤት ድረስ ሰው ላኩ። ወረቀት ነበር። "ማታ ከቤት እንደማይወጣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ዋስ ሆኖ ይፈርም፤ እኛም እንመልሰዋለን" ይላል። ሌላ ምንም አልጠየቁም። ገንዘብ አልጠየቁም። አንድ ፊርማ። ጆሮዬን ዳበስኩ፣ ባዶ ነው። ወረቀቱን በአራት ቀደድኩና ለመልእክተኛው "እሱ ለእኔ ሞቷል በላቸው" አልኩት። አጎትህ ጓሮ ማልያውን ያጥብ ነበር። መስማቱን ያወቅኩት ሊሞት ሲል ነው።

በሳምንቱ በባቡር ጅቡቲ ገባ። ካንቶና መስከረም 20 ቀን 1988 ተመልሶ ሊቨርፑል ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በግንቦት ደግሞ ዌምብሌይ ላይ በዚያው በሊቨርፑል ላይ ብቸኛዋን ጎል አግብቶ የማንችስተር ሰዎች ሊጉንም ዋንጫውንም ይዘው ገቡ። አጎትህ ያን ጊዜ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው ሰውዬ አንተ የምታውቀው ነው፤ ጓሮ ባለችው ክፍል እየሳለ፣ ላንተ በካልሲ ኳስ እየሰፋ፣ "በግራም በቀኝም ምታ" የሚልህ። እኔን አንድ ቀን በክፉ አልተናገረኝም። እሱ ነው የሚከብደኝ።

ስለዚህ ተናደህ አትፈርም የምልህ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እኔ ተናድጄ ነበር፣ እውነትም ነበረኝ፤ ወርቁ ተሸጧል። እውነት ይዤ ነው የተሳሳትኩት።

ይህን ሁሉ ስታነብ "እናቴ ሁሉም ይመለስ ልትል ነው" እንዳትል። ምድጃ ዳር ተቀምጠህ የነገርከኝን አልረሳሁም። ካንቶና ስምንት ወር ነው የተቀመጠው፤ በነጻ አልተመለሰም። ፍርድ ቤቱም 120 ሰዓት ሕዝብ እንዲያገለግል ፈርዶበት ሕፃናትን ኳስ ሲያስተምር ከረመ። ተስፋ ቆርጦ ወደ ፓሪስ ሲሄድ ደግሞ አሠልጣኙ ፈርጉሰን ተከትሎት ሄዶ አግባብቶ መለሰው። ቅጣቱም ነበረ፣ የሚከተለው ሰውም ነበረ። የአርሰናሉን ቶኒ አዳምስን ደግሞ አስታውስ፣ አንተ የምትወደው ቡድን ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1990 ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ታሰረ፣ ወጥቶ ሲመጣ ካፒቴንነቱ ጠበቀው። ሌላ ዕድል ማለት ይሄ ከሆነ ሙሉውን ተሰጠው። ግን መጠጡን ያቆመው በ1996 ነው፣ በራሱ አፍ "ሱሰኛ ነኝ" ብሎ የተናገረውም ያኔ ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ምን ነበሩ? ሜዳ ላይ እየመራ፣ ማታ እየጠጣ። ቦታውን መልሰው ሰጡት፣ ሰውየውን ግን ማንም አልያዘውም። እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው።

ያ የብራዚሉ አድሪያኖስ? እሱን ስትነግረኝ ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር። በእነሱው አቆጣጠር በ2004 ለብራዚል ኮፓ አሜሪካን አስገኝቶ፣ በ7 ጎል ከሁሉም በላይ ሆኖ፣ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞቱበት፤ ከዚያ የጣሊያኑ ክለቡ ኢንተር ስንት ጊዜ ታገሠው፣ አገሩ ድረስ ልኮ በውሰት አጫወተው፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ክለቡን ትቶት ሄደ። እንግዲህ መታገሥ ሁሉ አያድንም። ያንተም ልጅ ላይድን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የዚህ ልጅ እናት በሕይወት አለች? አባቱስ? ረዳትህን ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። ልጁ እናንተ ጋ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው! አንተስ ታውቃለህ? ካላወቅክ በምን ልትፈርም ነው?

ሌላም አለ፣ ይሄ ይቆረቁርሃል። አምና ያሰናበትከው ሦስተኛው በረኛ ያጠፋው የዚህን ግማሽ አያህልም። እሱን በአንድ ቀን ሸኘኸው፣ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ለዚህ ልጅ ስለምን ጻፍኩ? ሬዲዮ ላይ ስሙን ስለሰማሁት ነው፤ የበረኛውን ስም ሬዲዮ አይጠራውም። ጎል የሚያገባውን ብቻ ይቅር የምንል ከሆነ ይቅርታ አይደለም፣ ጎሉን ፈልገን ነው፤ ልጁም ያውቀዋል። ስለዚህ ለዚያ በረኛ ደውልለት። የት እንዳለ ጠይቀው። ቃል አትግባለት፣ ብቻ ደውል።

አሁን የሚደረገውን ልንገርህ፤ እንደ አሠልጣኝ ሳይሆን እንደ ልጅ ስማኝ። መጀመሪያ ይቅርታው ያንተ አይደለም፣ የትጥቅ ያዡ ነው። ካፒቴኑንና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዞ ቤታቸው ይሂድ፣ ጉልበታቸውን ይሳም፣ በሚስታቸውና በልጆቻቸው ፊት ይለምናቸው። አንተ ገብተህ "እባክዎ" አትበላቸው፤ አለቃቸው ነህ፣ ፈርተው እሺ ይሉሃል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ ያኔ እኔም አልናገርህም፣ በጠዋት ተነስተህ ፈርም። እሺ ካሉ እስከ ፋሲካ ጨዋታ የለውም። ብትሸነፍም የለውም! ከታዳጊዎቹ ጋር ይለማመድ፣ ኳስ ይልቀም፣ መረብ ይስቀል። ደመወዙን በእጁ አትስጠው ማለት አልችልም፣ መብቱ ነው፤ ግን ቁጭ ብላችሁ ዕቁብ አስገባው፣ ለቤተሰቡም ይላክ። ማታ ደግሞ ከዚያ ትዳር ከያዘው ተከላካይ ቤት ይደር። በር የሚቆልፍበት ሰው አያስፈልገውም፣ እራት የሚጠብቀው ሰው ነው የሚያስፈልገው። የሚያሳድረው ሰው ካጣህ ንገረኝ፤ የአጎትህ ክፍል ባዶ ናት፣ ለጥቂት ወራት ላከው። ድሬ ጫት አለ ትለኛለህ፣ አዎ አለ። እኔም አለሁ።

ቦርዱ "ቡድኑ የነፍስ አድን ድርጅት አይደለም" ሊልህ ይችላል። ልክ ናቸው፣ አትከራከራቸው። "እስከ ፋሲካ በእኔ ኃላፊነት" በላቸውና በጽሑፍ ስጣቸው። ያኛውን ወረቀት ፈርም። ሌላኛውን ግን፣ የኔ አባት፣ ተናደህ አትፈርም።

ራስህንም ተቆጣጠር። ልጆቹ ላይ ትጮሃለህ አሉኝ። የዘጠነኛ ክፍሉን ነገር ላንሳ? አላነሳውም። ርእሰ መምህሩ ያን ቀን ምን እንዳደረጉልህ ግን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቁልቢ ገብርኤልም ያውቃል።

ዝንጅብሉን በማር አፍልተህ ጠጣ፣ ድምፅህ ሻክሯል። ያ ወፍራም ሹራብ ካነሰህ ላከውና አስፈትቼ አሠራዋለሁ፤ ያ አገር ብርድ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ እዚያ ካገኘኸው በዚሁ ልጅ ላክልኝ። ለእህትህ የመመዝገቢያዋን እስከ ወሩ መጨረሻ አትርሳ።

ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ። ልምምድ ላይ ነኝ እንዳትለኝ፣ ማታ ልምምድ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለ ነጥቡ አልጠይቅህም። ልጁ የት እንዳደረ ትነግረኛለህ፣ የሽማግሌው ክንድ እንዴት እንደሆነም።

እናትህ