ሁለት አታክ፣ አንድም አልተነካ

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ከረማችሁ?

በትናንቱ የክላሽ ኦፍ ክላንስ (የስልክ ጌም) ዋር፣ ማለትም ቡድናችን ከሌላ ቡድን ጋር ባደረገው ውጊያ፣ የተናደድኩት ስለተሸነፍን አይደለም። ዝግጅቱ 23 ሰዓት፣ ውጊያው ደግሞ 24 ሰዓት ነው። ለአንድ ሰው ያለው ሁለት አታክ (የማጥቃት ዕድል) ብቻ። «አለሁ» ያሉ ሦስት ልጆች አንዱንም አልነኩም። ቦታ የለም ያልነው የኮምቦልቻው ልጅ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲያየን ዋለ። እሱን ሳስብ አፈርኩ።

ደሴም መብራት ይጠፋል፣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ቻርጅ ፍለጋ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞሬያለሁ። አብሽሩ፣ በዚህ ማንም አይቀየማችሁም። ብቻ ቀድማችሁ አንድ መስመር ጻፉልን፣ ሰው እንተካለን።

ደግሞ አካውንቱን ለጎበዝ ጓደኛው ሰጥቶ በሱ ፈንታ እንዲያጠቃለት የሚያደርግ አለ። ይቅርብን፣ መሸነፉ ይሻለኛል።

ለዓርቡ ዋር የምትገቡ እስከ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ንገሩኝ።