ተማሪዎቹ ዝም ያሉት እኛ ስለቸኮልን ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ መምህር ስለ ኦንላይን ትምህርት የጻፉትን አነበብኩ። ተማሪው ካሜራውን ዘግቶ ይተኛል፣ ሲጠየቅም አይመልስም ይላሉ። ምሬታቸው ይገባኛል። እኔም ስታትስቲክስ በዙም ሳስተምር ለሁለት ዓመት ያህል ይህንኑ ስል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ተማሪ ነው።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ አማካይ ነበር። ስላይዱ ላይ አምስት ቁጥሮች አሉ፦ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 86። «አማካያቸው 20 ነው። ግን 20 እነዚህን ቁጥሮች ይወክላል?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። «አይወክልም፤ ምክንያቱም...» ብዬ ራሴው መለስኩና አለፍኩ። ክፍሉ ሲያልቅ ሁሉም ወጣ፣ አንዱ ቀረ። «ቲቸር፣ መልሱን እየጻፍኩ ነበር። ሳልጨርስ አለፉት፤ አጠፋሁት» አለኝ። ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። በልቤ ሰነፍ ካልኳቸው ልጆች አንዱ እሱ ነበር።

ማታ የክፍሉን የቪዲዮ ቅጂ ከፍቼ በስልኬ ሰዓት ለካሁ። ከጥያቄዬ እስከ ራሴ መልስ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሌሎቹንም ጥያቄዎች ለካሁ፤ ያው ናቸው። በዚህች ጊዜ ልጁ ምን እንዲያደርግ ነበር የጠበቅኩት? ድምፄ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ያስባል። ሌላ ሰው መናገር ጀምሮ እንደሆነ ያዳምጣል። ማይኩን ይከፍታል፤ ካልሆነም በስልኩ ላይ ፊደል በፊደል ይለቅማል። እኔ ግን ቀጣዩ ስላይድ ላይ ነኝ።

ችግሩ የኦንላይን ብቻ አይደለም። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኙት። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ደካማ የሚባሉትም ልጆች መናገር ጀመሩ። ያ ፊት ለፊት ሲሆን ነው። በስክሪን ከሆነ 3 ሰከንድም አይበቃም ባይ ነኝ።

አሁን ጥያቄዬን ስላይዱ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ድምፅ የተቆራረጠበት ልጅ እንዲያነበው። «መልሱን ቻት ላይ ጻፉ፤ ‹ላኩ› እስክል ግን አትላኩ» እላለሁ። ከዚያ ማይኬን ዘግቼ በጣቴ እስከ 20 እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያቺ ዝምታ ታስጨንቀኝ ነበር፤ እጄ ወደ ማይኩ ይሮጣል። «ላኩ» ስል መልሱ ይዥጎደጎዳል። ማንም ከማንም አልገለበጠም። ጥሩ መልስ የሰጠውን ስሙን ጠርቼ አነብለታለሁ። የተሳሳተውንም አነባለሁ፣ ስም ግን አልጠራም።

ካሜራ ክፈቱ ብዬ አላስገድድም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 እንደጻፉት፣ የራስን ፊት እያዩ መዋልና የሰው ዓይን በቅርብ ሲያፈጥ መቀመጥ ሰውን ያደክማል። በትንንሽ ቡድን መከፋፈልም ጥሩ ነው፤ ግን ምን ይዘው እንደሚመለሱ ካልተነገራቸው ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት።

የጻፉትን መምህር አንድ ነገር ልለምናቸው፦ እባክዎ አንድ የክፍልዎን ቅጂ ይክፈቱና በሰዓት ይለኩት።

ያ ልጅ አሁንም ካሜራውን አይከፍትም። ባለፈው ሳምንት ወደነዚያው ቁጥሮች ስንመለስ ግን፣ ቆጠራዬ ገና 14 ላይ ሲደርስ ማይኩን ከፈተ። «ቲቸር፣ 86 ስህተት መሆኑን ሳናጣራ ከቁጥሮቹ ብናወጣው ማጭበርበር አይሆንብንም?» አለ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ በዚሁ ስንከራከር ዋልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የስታትስቲክስ መምህርት