ለደሴቲቱ ጣሪያ፦ ኩባ ላደግን ሁሉ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ በኩባዋ «የወጣቶች ደሴት»፣ ላደጋችሁ እህት ወንድሞቼ፣

እንኳን ለ2001 ዓ.ም. አደረሳችሁ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ያሳለፍነው ስልክ ላይ ነው። የተጠያየቅነውም አንድ ነገር ነው፤ «የደሴቲቱን ዋና ከተማ፣ ኑዌቫ ሄሮናን አያችኋት?»

አይተናታል። ነሐሴ 24 ቀን ጉስታቭ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታት። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያው ቀን ምዕራብ ኩባ ያለችው ፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር ሲገባ ፓሶ ሪያል ያለው የአየር ጠባይ ጣቢያ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር መዘገበ። ሰዉ ፍርስራሹን ጠርጎ ሳይጨርስ ደግሞ ጳጉሜ ላይ አይክ የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ መጣ። ፊደል ካስትሮ የደሴቲቱን ምስል ሲያዩ ሂሮሺማን ሲጎበኙ የተሰማቸውን እንዳስታወሳቸው ጽፈዋል።

እኔ ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት አንድ ቤት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ግድግዳው እንደቆመ ነው፤ ጣሪያው ግን የለም። አንዲት አሮጊት የራሰ ፍራሻቸውን ጎትተው ያወጣሉ፣ አጥር ላይ ያሰጣሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ትራስ ያመጣሉ። ማንንም አያማርሩም። እዚያ ያደገ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉስታቭ ኩባ ውስጥ የሰው ሕይወት አላጠፋም። ሕዝቡን ቀድመው ከአደጋው ቦታ አስወጥተውታል። በዚህ ሥራ ኩባን የሚያህል አገር ያለ አይመስለኝም። አሁን የጎደላቸው ጣሪያ ነው። የዝናቡ ወቅት ደግሞ ገና አላለፈም።

እኛ ማን እንደሆንን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የሶማሊያ ጦርነት አባቶቻችንን ሲወስድብን ያቺ ደሴት ወስዳ አሳደገችን። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ (ግሬፕፍሩት) ለቀማ። ማታ ማታ ቲያዎቹ፣ «አክስት» እያልን የምንጠራቸው ሞግዚቶቻችን፣ ሩዝና ጥቁር ባቄላ እየጨለፉ ያልበላውን ልጅ በስሙ ይጠሩ ነበር። ያኔም ቢሆን ኩባ የተረፋት አገር አልነበረችም። ከእኛ መካከል ሐኪም የሆነው፣ መሐንዲስ የሆነው፣ የእንስሳት ሐኪም የሆነው ለትምህርቱ አንድ ሳንቲም አልተጠየቀም። በዚያው ጦርነት ለአገራችን የወደቁት ኩባውያን ወታደሮች ፎቶ ዛሬም ጥቁር አንበሳ አጠገብ በትግላችን ሐውልት ላይ አለ። አልፋችሁ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ እዩት።

ያሰብነው ይህን ነው። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ፣ ከነምስማሩ። ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ እንሰበስባለን። የሁለት ወይም የሦስት ቆርቆሮ አቅም ያለው ይጨምር፤ አቅም የሌለው ከሌላው ጋር ተካፍሎ ግማሽ ይስጥ። ማንም እንዳያፍር። የተሰበሰበውን አዲስ አበባ ባለው የኩባ ኤምባሲ በኩል፣ ለደሴቲቱ የቤት ጥገና እንዲውል ብለን በጽሑፍ ለማስረከብ አስበናል። አሮጌ ልብስ ግን አትላኩ፣ እባካችሁ። ማጓጓዣው ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል።

ገንዘቡን በየከተማችሁ ላለው የቀድሞ ተማሪዎች ተወካይ ስጡ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። የሰጪ ስምና የገንዘቡ መጠን በየሳምንቱ ለሁላችንም ይነበባል። ስሙ እንዳይነሳ የሚፈልግ ለተወካዩ ይንገረው። አሜሪካ ያላችሁ፣ አሜሪካ ኩባ ላይ የጣለችው ማዕቀብ ስላለ ምንም ከመላካችሁ በፊት ሕጉ የሚፈቅድላችሁን ጠይቁ። የገንዘብ ማሰባሰቡ የሚዘጋው መስከረም 30 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአስተማሪ ወይም የቲያ ስልክ በድሮ ማስታወሻችሁ ላይ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉ። መስመሩ እምቢ ካለ ደጋግሙት። ያገኛችኋቸውን ሰዎች ስምና የቤታቸውን ሁኔታ ለተወካዮቹ አስመዝግቡ፤ ከገንዘቡ ጋር አያይዘን እንልከዋለን።