የጎረሰው ቆመህ ጠብቀኝ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣ ለቅንድብ አልባው፤

ሰላምታውን ባስረዝመው እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው "እንደምን ሰንብተሃል" ሲል አያምርበትም። ስለዚህ ይቅርታውን አስቀድሜ ልገላገል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስልክህ ነበረኝ፣ መኪናም ነበረ፣ እግሬም ደኅና ነበር። አባትህ ሲያርፉ አልመጣሁም። ምክንያቱን ኋላ እነግርሃለሁ፤ ወይም አልነግርህም፤ እስኪ እጄ ይፍታታ።

ናፍቆት ብቻ አይደለም ያጻፈኝ፤ ቸግሮኝ ነው። ያ የአያቴ ቆመህ ጠብቀኝ ጠመንጃ ባሩድና አረር እንደ ጎረሰ ነው።

አዎ፣ ያው እርሱ። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው፣ አንገቱ በናስ የታሰረው።

የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ይዳራል። አጎቶቹ ተሰብስበው "የአባታችን ነፍጥ ሳይጮህማ ምን ሠርግ አለ" አሉ። በዚህ ጊዜ ተኩስ ሰምቶ እልል የሚል ጎረቤት እንደሌለ ብነግራቸውም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ባይተኮስም ይወልወል ብዬ አወረድሁት። ጥላሸቱን ጠረግሁ፣ ናሱን በአመድና በሎሚ ፈትጌ ወርቅ አስመሰልሁት። ከዚያ ዘንጉን በአፈሙዙ ብሰድደው ከመንገድ ቆመ። ዝገት ነው ብዬ ልገፋው ስል አባትህ ትዝ አሉኝ።

ታስታውሳለህ፣ ጠመንጃ ለጥገና ሲመጣላቸው ከሰላምታው በፊት የሚያደርጉትን? ዘንጉን እስኪቆም ድረስ ይሰዱታል፤ አፈሙዙ ላይ በጥፍራቸው ምልክት ይዘው ያወጡታል፤ ከዚያ በውጭ በኩል አጋድመው ይለኩታል። ጫፉ እሳት የሚገባበት ሽንቁር ድረስ ከዘለቀ ባዶ ነው፤ ካልዘለቀ ውስጡ እንግዳ አለ። ሰውየው "ኧረ ባዶ ነው" እያለ ሲምል እርሳቸው "አንተን አይደለም፣ ዘንጉን ነው የምጠይቀው" ይሉት ነበር።

እኔም ለካሁ። አራት ጣት ጎደለ። ደግሜ ለካሁ፤ አራት ጣት። ጉልበቴ ከዳኝና እዚያው ተቀመጥሁ።

አያቴ ካረፉ ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈ። መጨረሻ የሞሉት ዝንጀሮ በቆሎውን በፈጀበት ዓመት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ አምስቱም ልጆቼ በተራ በተራ ዓይናቸውን አፈሙዙ ላይ ለጥፈው "አባባ፣ ጨለማ ነው" ብለውኛል፤ እኔ ሞኙም አብሬ ስቄአለሁ። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው በዕድሜ ብዛት እንደማይሞት አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። የእኛው ደግሞ ዘመኑን ሁሉ የወጥ ቤት ጭስ ሲሞቅ ነው የኖረው፤ ከእኔ ይልቅ እርሱ ተመችቶታል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሲነጋ ቤተሰቡን በሙሉ አስወጣሁ፤ እሳት የምትለኩሰው የመዳብ ቆብ የምትቀመጥበት ጫፍ ባዶ መሆኗን አየሁ፤ ተመስገን ባዶ ናት። ከበረቱ ጀርባ ወስጄ አፈሙዙን ወደ ገደሉ አዞርሁና በዚያች ሽንቁር በከብት መርፌ ውሃ እየወጋሁ ከተትሁበት። ሳቅ እንጂ፤ ጠመንጃ የሚከትብ ሰው ጎጃም አይቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምሁ ስጨምርበት ዋልሁ። ማታ ላይ ሲመለስልኝ ውሃው እንደ ቀለም ጥቁር ነበር። ባሩዱ ሳይረጥብ አልቀረም፤ ግን "ሳይረጥብ አልቀረም" ብዬ እጄን የምሰድበት ነገር አይደለም። አረሩ ደግሞ እንደ ተወተፈ ነው።

ምክር ሰጪ እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ "ረጅም ገመድ ቃታው ላይ እሰርና ከሩቅ ሳብ" ይላል፤ ውስጡ የዛገ ብረት ፈንድቶ ወዴት እንደሚበር ማን ያውቃል። ሌላው፣ ስሙን አልነግርህም፣ "ፍም ላይ አጋድመው፣ ራሱ ይወጣል" አለኝ። ምን እንደሚወጣ ግን አልጠየቀም።

ሙሽራው ለምን ቆመህ ጠብቀኝ እንደተባለ ጠየቀኝ። ባሩዱን ለክተህ ማፍሰስ፣ ውታፍ መጨመር፣ አረሩን በቅባት ጨርቅ ጠቅልሎ መጎስጎስ፣ ቆቧን መድፋት፣ ከዚያ ማለም፤ እስከዚያው ጠላትህን "ወንድሜ፣ ቆመህ ጠብቀኝ" እያልህ መለመን ነው አልሁት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ ወታደር እንዲህ ሲጎሰጉስ እንግሊዞቹ ከኋላው በሚጎርሰው ስናድር ቀደሙት። ስናድሩም ቢሆን እኮ ይኸው የእኛው ዓይነት ጠመንጃ ነበር፤ ከኋላው ተቆርጦ ክዳን ተበጀለት እንጂ። ይህን አንድ ቀን ለአባትህ ብነግራቸው ሞረዳቸውን አስቀምጠው ብዙ አሰቡና "ክዳንማ እኛም እናበጅ ነበር፤ ብረቱን ማን ሰጠን" አሉኝ።

አጎቶቼ ነፍጡ ከእምባቦ ጦርነት የመጣ ነው ይላሉ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ተማርከው የእኛ ቅድመ አያት ነፍጡን ይዞ ገባ ማለት ነው! እንግዲህ ወይ ጀግና ነው ወይ ቀድሞ የሮጠ ነው። ሁለተኛውን ለአጎቶቼ አልነገርሁም።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። ውሃው ገብቶ ብረቱን እንዳይበላው ብዬ የቃታውን ገበታ ፈታሁት። ሁለት ብሎን ብቻ ነው የያዘው። ሞላው እስከ ዛሬ ያብረቀርቃል። ገልብጬ ሳየው ሦስት የሞረድ ጭረት አለበት፤ ሁለቱ አጠር ያሉ፣ አንዱ ረዘም ያለ። በማጭዳችን ላይ ያለው፣ በማረሻችን ላይ ያለው ምልክት። የአባትህ እጅ ነው።

በእኛ ቤት የሚወራውን ታውቃለህ፤ ሞላው ሲሰበር አያቴ ዓባይን ተሻግረው፣ አዲስ አበባ ድረስ ወስደው፣ በፈረንጅ እጅ አሠሩት ይባላል። እንግዶች በመጡ ቁጥር ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ለልጆቼ አውርቻለሁ። ለካስ ፈረንጁ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ያሉት አባትህ ነበሩ! የተሰነጠቀው ሰደፍ ላይ የተጠመጠመው ጠፍርም የእርሳቸው ነው፤ እርጥቡን ወጥረው አስረው ሲደርቅ እንጨቱን እንዲጨብጠው ያደረጉት። እስከ ዛሬ ስንጥቁ ጥፍር አያስገባም።

ሞላ ሲሠሩ አስታወስሁ። በሩን ይዘጉና አንተን ወናፉ ላይ ያስቀምጡሃል፣ እኔን ዝም ያሰኙኛል። የጋለውን ዘይት ውስጥ ከነከሩት በኋላ ጠርገው፣ እንደገና ቀስ እያሉ ሲያሞቁት መጀመሪያ እንደ ገለባ ይሆናል፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ሰማያዊው ላይ ያዝ! ያልደረሱበት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ያለፉት እንደ ሰም ይተኛል። ከጨለማው ቤት ስወጣ እናቴ ትጠብቀኛለች፤ "እዚያ ቤት እህል ቀምሰሃል?" ትለኛለች። አልቀመስሁም እላለሁ። የእናትህን ቆሎ ግን ከኪሴ ጨርሼው ነው የምወጣው።

በእኛ ቤት አባትህ "እርስዎ" ተብለው አያውቁም። አያቴ "አንተ ቀጥቃጭ" ነበር የሚሏቸው፤ እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ "አንተ" ብያቸዋለሁ። ያረፉ ዕለት ጋቢዬን ለብሼ በር ላይ ደርሼ ነበር። አንድ ዘመዴ "ለማን ለቅሶ ነው?" አለኝ። ድምፁን አንተ ታውቀዋለህ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በማግሥቱ መምጣት አፈርሁ፣ በሰልስቱ ይበልጥ አፈርሁ፣ እንዲህ እያልሁ ሰባት ዓመት ሆነ።

ሳልረሳው፤ ቅንድብህን የበላው ባሩድ ከአያቴ ቀንድ የሰረቅሁት ነው። የተገረፍህበት ግን አንተ ነህ።

እንግዲህ ከጥር በፊት ና። ከማርቆስ ተነስተህ ደጀን ላይ የብቸናን መኪና ያዝ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እግርህ ያውቀዋል። አረሩን የሚነክስ፣ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ጫፍ በረጅም ዘንግ ላይ ሠርተህ አምጣ፤ የቀዳዳው ስፋት በአውራ ጣቴ ጥፍር ልክ ነው፤ የእኔ አውራ ጣት ደግሞ እንደ ዱሮው ነው። የአባትህ ሞረድ ካለህ እርሱንም። የብየዳ ዕቃህን ግን እዚያው ተው፤ እኔ ቤት እሳት የሚባል ነገር ወደዚያ ብረት አይጠጋም። አረሩ ወጥቶ ባሩዱ ከታጠበ በኋላ ብረቱን በፈላ ውሃ አጥበን ቅባት እናጠጣዋለን። ለአጎቶቼ የሚነገረውን አንተ ሞላውን ገልብጠህ አሳያቸው፤ ወይም እኔ አሳያቸዋለሁ፤ አዎ፣ እኔ ላሳያቸው።

እናቴ አለች፣ ዓይኗ ደክሟል። ላንተ እየጻፍሁ መሆኔን ነገርኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ "ያ ልጅ ቆሎ ይወድ ነበር?" አለችኝ። እኔ ነኝ የምወደው አልኋት። "እርሱንም አውቃለሁ" አለች።

ጠላው ተጠንስሷል፤ ዘንጉን እንዳትረሳ።

ያንተው