ከባሕር የሚነሣው ሮኬት የሩቅ ወሬ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከባሕር ላይ ተነሥታ፣ ሳተላይት አድርሳ ስለምትመለስ ትንሽ ሮኬትና እሷን ለመሥራት ስለሚጥር አንድ ጀማሪ ኩባንያ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ለራሴ፣ ሌላውን ለተማሪዎቼ ጮክ ብዬ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ዝቅ አለ። «ባሕር ለሌላት ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ ነው» ይላል። መጽሐፋቸው ላይ አቀርቅረው የነበሩት ልጆች ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያንን ዓረፍተ ነገር ለመቃወም ነው።

እዚህ ጅማ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የሳይንስ ክበባችን ልጆች ባለፈው ዓመት የውሃ ሮኬት ሠርተው ነበር። ሁለት ሊትር በሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲሶ ያህል ውሃ ይጨመራል፤ አፉ በቡሽ ይደፈናል፤ በቡሹ መሐል ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ የተቆረጠ ቫልቭ ይገባል፤ ከዚያ በብስክሌት ፖምፓ አየር ይሞላል። ቡሹ መቋቋም ሲያቅተው ውሃው ወደ ታች፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ የለቀቅነው አራተኛው ጠርሙስ ነፋስ ወሰደውና አጥር ተሻግሮ የአንዲት ጎረቤታችን ማዕድ ቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ። ሚዛን እንዲጠብቅ ጫፉ ላይ ጭቃ ለጥፈንበት ስለነበር ያረጀውን ቆርቆሮ በሳው። እማማ ጠርሙሱን በእጃቸው ይዘው መጡ። አልተቆጡም። «መምህር፣ የት እንደሚወድቅ ሳታውቁ ለምን ትለቁታላችሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቆርቆሮውን ለወጥንላቸው፤ ጥያቄያቸውን ግን ይዘነው ቀረን። ዓለም ላይ ሮኬት የሚያስወነጭፉ ሁሉ ከማንኛውም ስሌት በፊት የሚጠይቁት ይህንኑ የእማማን ጥያቄ ነው። ሮኬት ከተነሣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነዳጁን የጨረሰው የመጀመሪያው ክፍል ይለያል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ወደ ምድር ነው። የአሜሪካው ኬፕ ካናቬራል፣ የፈረንሳይ ጊያናው ኩሩ፣ የሕንዱ ስሪሃሪኮታ ሁሉም ባሕር ዳርቻ ላይ የተተከሉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ከባሕር ርቀው በመሬት መካከል በተሠሩት የቻይና ማስወንጨፊያዎች ደግሞ ስብርባሪው መንደር አጠገብ የወደቀበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማስወንጨፊያውን ራሱን ባሕር ላይ መውሰድ የዚሁ አሳብ ቀጣይ እርምጃ ነው። ከሥሩ ጣሪያ የለም። መርከቡም ወደፈለገበት ኬክሮስ ሊሄድ ይችላል፤ ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት ወደ 1,670 ኪሎ ሜትር ስለምትሽከረከር ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚነሣ ሮኬት ያንን ፍጥነት በነጻ ያገኛል።

እኛም ኩሬ ፈለግን። ከከተማው ወጣ ብሎ ለጡብ አፈር የተቆፈረ፣ ክረምት የሞላው ጉድጓድ ነበር። አራት ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ አስረን፣ ሳንቃ ደልድለንበት፣ ጠርሙሱን መሐል ላይ አቆምን። የመጀመሪያው ሙከራ አሳዘነን። ልጁ ፖምፓውን ሲገፋ ታንኳው ይወዛወዛል፤ ቡሹ ሲፈናጠር ታንኳው አንድ ጎኑን ሰመጠ፤ ጠርሙሱ ወደ ላይ መሄዱ ቀርቶ ውሃውን እየላሰ ወደ ቄጠማው ገባ። ሁለት ቅዳሜ በዚህ አለፈ። በሦስተኛው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጀሪካኖቹን ፈትታ እያንዳንዳቸውን እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላቻቸው። «ባዶ ስለሆኑ እኮ ነው የሚደንሱት፤ ይክበዱ» አለች። ታንኳው ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ረጋ። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ይህን የማወራው ለጨዋታ አይደለም። ሲ ሎንች የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ድረስ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል፣ የምድር ወገብ ላይ፣ ኦዲሲ ከተባለ ተንሳፋፊ መድረክ ዜኒት የተባሉ ትላልቅ ሮኬቶችን ያስወነጭፍ ነበር። ኦዲሲ ቀድሞ የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ነበር። የማስወንጨፊያው ሰዓት ሲቃረብ ሠራተኞቹ የመድረኩን ጋኖች በባሕር ውሃ ይሞሉና ወደ ታች ያሰምጡታል፤ ሞገዱ እንዳያወዛውዘው። ያቺ ተማሪ ስለ ኦዲሲ ሰምታ አታውቅም። ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እነሱም ጀሪካን ሞሉ ማለት ነው» አለች። ባሕር ዓይታ የማታውቅ የጅማ ልጅ በሦስት ቅዳሜ የደረሰችበትን መላ የሩቅ ወሬ ነው ልንላት ነው?

ሩቅ ከተባለስ ምን ያህል ሩቅ ነው? ከጅማ በቀጥታ ቢለካ 1,300 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቦታ ላይ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባለው የኬንያ ባሕር ውስጥ፣ ጣሊያኖች ሳን ማርኮ የተባለ መድረክ በብረት እግሮች አቁመው ነበር። በኢንጂነር ሉዊጂ ብሮሊዮ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1967 ከዚያ መድረክ የመጀመሪያዋን ሳተላይት አመጠቁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ደግሞ ኤክስሬይ የሚረጩ የሰማይ አካላትን ብቻ እንድትመረምር የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከዚያው ተነሣች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ነበርና ስሟ ኡሁሩ ተባለ፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ወላጆቻችን በሬዲዮ ዜና በሚሰሙበት ዘመን የሆነ ነገር ነው።

ነገር ግን የኬንያን ታሪክ እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። ሮኬቱ ስካውት የተባለ የአሜሪካ ሥራ ነበር፤ መድረኩና ባለሙያዎቹ ጣሊያናውያን ነበሩ። ኬንያ የሰጠችው ባሕሩንና ስሙን ነው። መድረኩ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ሳተላይት አላመጠቀም። ኬንያ ታይፋ 1 የተባለችውን የራሷን የምድር ምልከታ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2023 ስትልክ ያስወነጨፈችው ከካሊፎርኒያ፣ በሰው ሮኬት ነው። የምድር ወገብ አጠገብ ባሕር ያላት አገር! ባሕር ያለው ሁሉ ሮኬት የለውም። ዕውቀቱ የማን እጅ ላይ እንደነበረ ነው ነገሩን የወሰነው።

ስለ ወደብ የሚደረገው ክርክር የራሱ ቦታ አለው፤ እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም። የምለው ከዚያ የቀለለ ነው። ክፍት ባሕር የማንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ክፍት ባሕር ለአገሮች ሁሉ፣ ባሕር ላላቸውም ለሌላቸውም እኩል ክፍት መሆኑን፣ ባሕር የሌላት አገርም በሰንደቅ ዓላማዋ መርከብ የማንቀሳቀስ መብት እንዳላት ይደነግጋል። እኛ ደግሞ ይህን በወረቀት ብቻ አይደለም የምናውቀው። የኢትዮጵያ መርከቦች ጀርባ ላይ የመዝገብ ወደባቸው ተብሎ የተጻፈው አዲስ አበባ ነው። ከመካከላቸው አንዷ ጊቤ ተብላ ተሰይማለች፤ በእኛው ወንዝ። በጣና ዳርቻ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓለምን ውቅያኖስ የሚያቋርጡ የመርከብ መኮንኖችና መሐንዲሶች አሠልጥኗል። ባሕር ሳይኖረን መርከበኛ ያፈራን ሕዝብ ነን፤ ከመርከብ የሚነሣ ሮኬት አይመለከታችሁም መባሉን ለዚህ ነው የማልቀበለው።

ትንሽና ተመላሽ መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም በጅማ ቋንቋ ላስረዳ። አንድ ገበሬ ሁለት ጆንያ ቡና ቢኖረው አይሱዙ አይከራይም፤ የሌላ ነጋዴ ጭነት ላይ ይደርባል። መኪናው የሚነሣው ነጋዴው ሲፈልግ ነው፤ የሚያወርደውም ነጋዴው በሚወርድበት ነው። ትንንሽ ሳተላይቶችም እንዲሁ ናቸው። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ 1፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን የተነሣችው በትልቅ ሮኬት ላይ፣ ከእሷ እጅግ ከምትከብድ ሳተላይት ጋር ተደርባ ነው። ትንሽ ሮኬት ማለት ለሁለት ጆንያ የሚበቃ መኪና ማለት ነው። ተመላሽ የማይሆን ሮኬት ደግሞ፣ ቡናውን አዲስ አበባ አራግፎ ሲመለስ ጊቤ በረሃ ገደል የሚገፋ አይሱዙ ነው። ማን ይህን ኪሳራ ይችላል? የአሜሪካው ኩባንያ ስፔስ ኤክስ ፋልከን 9 የተባለውን ሮኬቱን የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2015 መሬት ላይ፣ ሚያዝያ 2016 ባሕር ላይ በቆመ መድረክ አሳረፈ፤ በመጋቢት 2017 ደግሞ ያገለገለውን መልሶ አበረረ። የዋጋው ነገር ከዚያ ወዲህ ተለውጧል።

ችግሩን አልሸሽግም፤ ተማሪዎቼም እንዲሸሽጉ አልፈልግም። መነሻው ላይ ከቆመ ሮኬት ክብደት አሥር እጅ ውስጥ ዘጠኙ ያህል ነዳጅ ነው። ለማረፊያ የሚቆጠበው ነዳጅና የማረፊያው እግር ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል። ትልቅ ሮኬት ይህን ይችለዋል፤ ትንሹን ግን ጭነቱን በሙሉ ሊበላበት ይችላል። 18 ሜትር ገደማ የሚረዝመውና 300 ኪሎ ግራም የሚሸከመው ሮኬት ላብ የተባለው ኩባንያ ሮኬት ኤሌክትሮን ለዚህ ነው በነዳጅ ማረፉ ቀርቶ በጃንጥላ ወደ ባሕር እንዲወርድ የተሞከረው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ያገለገለ ሞተር መልሶ እስኪበር ድረስም ዓመታት ፈጅቷል። የባሕር ጨው ደግሞ ብረት ይበላል፤ ሞተር ውስጥ ከገባ እያንዳንዱን ቧንቧ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። ሲ ሎንችም ቢሆን እ.ኤ.አ. ጥር 2007 ላይ አንድ ዜኒት መድረኩ ላይ ፈንድቶበት፣ በ2009 ለኪሳራ ሕግ ከለላ አመልክቷል። አደጋ ሲደርስም ሒሳቡ የኩባንያው ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1972ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ምድር ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የምትጠየቀው አስወንጫፊዋ አገር ናት። እኛም የእማማን ቆርቆሮ የለወጥነው ክበቡ ነው እንጂ ፖምፓውን የገፋው ልጅ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ችግር ግን ሥራ ነው። ዝገትን የሚያጠና የቁሳቁስ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ጃንጥላ የሚሰፋ፣ ሞገድ ላይ የሚረጋ መድረክ የሚያሰላ፣ ከባሕር ላይ ሮኬት የሚያነሣ መርከበኛ ይፈልጋል። ይህን ለመማር የራሳችንን ሮኬት እስክንሠራ መጠበቅ የለብንም። እዚሁ ከተማችን ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ዴንማርክ ውስጥ ኮፐንሃገን ሰብኦርቢታልስ የሚባል ማኅበር አለ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚገናኙ በጎ ፈቃደኞች በሕዝብ መዋጮ ሮኬት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልቲክ ባሕር ላይ ለቀዋል። ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የወጣችው። ከዚያም ቀጠሉ።

ጥቅሙን ለሚጠይቀኝ አንባቢ የምመልሰው በቡና ነው። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ገበያው አይገባም፤ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ መታወቅ አለበት። በዙሪያችን ያሉት የጎማ፣ የማናና የሊሙ ወረዳዎች ገበሬ ማሳው ደን ተመንጥሮ የተሠራ አለመሆኑን፣ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር እንደኖረ፣ ከሰማይ በተነሣ ምስል ሊመዘን ነው። ምስሉን የሚያነሣው ማን ነው? ክረምቱን ሙሉ ደመና በማይለቀው ሰማያችን ላይ ሳተላይቷ በየስንት ቀኑ ታልፋለች? የጥላ ቡናን ከተመነጠረ መሬት ለይቶ የሚያነበውስ ማን ነው? አባቱ ቡና የሚለቅም ልጅ ይህን ሲሰማ ሮኬቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁለተኛ አይጠይቀኝም።

ስለዚህ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ያንን ዓረፍተ ነገር እንድታርሙልን እጠይቃለሁ። ከተቻለም በባሕር ዳር የሠለጠነ አንድ የመርከብ መኮንንና በእንጦጦ ሳተላይት የሚከታተል አንድ ባለሙያ አንድ ገጽ ላይ አገናኙልንና ሮኬት ተሸክሞ የሚወጣ መርከብ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ጠይቁልን። ልጆቹ ጥያቄዎቻቸውን በደብተር ጽፈው ይዘዋል፤ ብትሹ እልክላችኋለሁ።

እኛ ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወደ ኩሬው እንመለሳለን። በዚህ ጊዜ ስድስት ጀሪካን ነው፤ ጠርሙሱም ከሻሽ የተሰፋ ጃንጥላ ይኖረዋል፤ ውሃው ላይ እንዲያርፍና መልሰን እንድንሞላው። እማማን ጋብዘናል፤ እመጣለሁ ብለዋል። ጋዜጠኛ ከላካችሁ ዳርቻው ጭቃ ነውና ቦቲ ጫማ ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ከጅማ