የማሽን ፕሮግራም ሲጫን መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኮምቦልቻ ውስጥ የማሽን መቆጣጠሪያ ቦርዶችን እጠግናለሁ። ሲጠሩኝ ደሴም እወጣለሁ። ይህን የምጽፈው ለግዥ ኃላፊዎችና ቦርድ ለሚነድፉ ወጣቶች ነው።

በቅርቡ አንድ የውሃ ፓምፕ ቦርድ መጣልኝ። አስመጪው አዲስ ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ ተቀምጦ ቦርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ልኮ፣ ኦፕሬተሩ እየጫነ ሳለ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ቦርዱ ድርቅ ብሎ ቀረ። አስመጪው ሲጠየቅ «መብራት ማጥፋት አልነበረባችሁም» አለ። እኛ ነን እንዴ የምናጠፋው!

ጥፋቱ የንድፉ ነው። ፍላሽ ላይ፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም ፕሮግራሙን በሚይዘው የቺፑ ማህደረ ትውስታ ላይ፣ አዲስ ኮድ ለመጻፍ መጀመሪያ የነበረው መጥፋት አለበት። ያ ቦርድ የድሮውን አጥፍቶ አዲሱን ሳይጨርስ ቀረ። አፕዴት የማይነካው፣ ቺፑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራና አዲስ ፕሮግራም የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ቡትሎደር፣ ቢኖረው ኖሮ እኔ ጋ አይመጣም ነበር።

ቦታ የለም የሚባለው ሰበብ ነው። ተማሪዎች በሚለማመዱበት አርዱዪኖ ኡኖ አር3 ቦርድ ላይ ቺፑ 32 ኪሎባይት ፍላሽ አለው፤ ኦፕቲቡት የተባለው ቡትሎደር ግን 512 ባይት ብቻ ይይዛል። ተማሪ ሲጭን ገመዱ ቢነቀልበት እንደገና ሰክቶ መጫን ነው። ለፋብሪካ ይህም አይበቃም። ሌሊት ላፕቶፕ ይዞ ማሽን አጠገብ የሚያድር ሰው የለም። እኔ ብሆን 64 ኪሎባይት ባለው ኤስቲኤም32 ቺፕ ላይ 8ቱን ለቡትሎደር ሰጥቼ እንዳይጻፍበት እቆልፈዋለሁ። የቀረውን 28፣ 28 አድርጌ ለሁለት እከፍላለሁ። አዲሱ ፕሮግራም ሥራ ላይ ባልዋለው ክፍል ይጻፋል። ሲአርሲው፣ ማለትም ፋይሉ ሳይበላሽ መጻፉን የሚያሳየው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ይመሳከራል። «ደህና ነው» የሚለው ምልክት የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ማሽኑ በድሮው ይነሳል። ታዲያ ለመጀመሪያው ክፍል አድራሻ የተዘጋጀ ፋይል ሁለተኛው ላይ ዝም ብሎ አይሠራም፤ ጀማሪዎች እዚህ ጋ ብዙ ይለፋሉ።

ሴንሰር በተቀየረ ቁጥር ሙሉ ፈርምዌር መላክም አይገባኝም። የሴንሰሩ ኮድ ራሱን የቻለ ሞጁል (ለብቻው የሚቀየር የፕሮግራም ክፍል) ይሁን። ዋናው ፕሮግራም የሞጁሉ ሥራዎች ቺፑ ውስጥ የት እንዳሉ በሚዘረዝር የአድራሻ ሠንጠረዥ በኩል ይጥራው፤ ከመጥራቱ በፊት ግን የስሪት ቁጥሩን ይመልከት።

የግዥ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። በርክክብ ቀን ሻጩ ፈርምዌር እየጫነ ሶኬቱ ይነቀል፦ ሲጀምር፣ መሃል ላይ፣ ሊያልቅ ሲል። ቦርዱ ካልተነሳ ክፍያው ይቆይ።

የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ