ወደ መቅደላ የሚያወጣው መንገድ ለእግረኛ ይተው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ጥር ከተንታ ተነሥተን ወደ መቅደላ አምባ በእግር ስንጓዝ፣ አራት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪኖች ከመንገዱ ወጥተው በወይራና በጥድ ቁጥቋጦ መካከል ሽቅብ ሲወጡ አየን። ጎማቸው የጥንት ካብ ድንጋይ አፈናቅሎ፣ ገና ያልጠና ችግኝ ጨፍልቆ አልፏል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ ስለ ሄደ፣ ዛሬ የቀረን ፍርስራሹና 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው የሴባስቶፖል መድፍ ነው። ያንን መድፍ ከደብረ ታቦር ያደረሰው ሕዝብ ገደል እየናደ፣ መንገድ እየጠረገ በጉልበቱ የጎተተው መሆኑን ሳስብ፣ እኛ ያችን የመጨረሻ አቀበት በእግራችን መውጣት ሊከብደን አይገባም እላለሁ።

ተዳፋት ላይ ጎማ የቆፈረው ቦይ ክረምት ሲገባ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል፤ ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ የካቡን መሠረት ያራቁተዋል። ስለዚህ የሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም አካል የመኪና ማቆሚያውን ወሰን ከአምባው ግርጌ በግልጽ እንዲከልል፣ ከዚያ በላይ ያለውም ጉዞ በእግርና በበቅሎ ብቻ ሆኖ የአካባቢው ወጣቶች በመሪነትና በበቅሎ አከራይነት እንዲጠቀሙበት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ